የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ችሎታ በምን ይለካል?

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ናቸው። ከጠያቂዎቹ መካከል የሆስፒታል ኃላፊ፣ ሐኪም፣ ነርስና አስታማሚ አሉ። ሁሉም የሚያነሱት የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችን ችሎታና ልምድ እንዴት ደረጃ መስጠት እንደሚቻል ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የተቋማቱን ስም አልጠቀስንም።

ጥያቄ፦ በድንገተኛ ክፍላችን 11 ጠቅላላ ሐኪሞች ይሠራሉ። በየስድስት ወሩ በሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ሁሉም ከ90 በላይ ያገኛሉ። የሌሊት ዲዩቲ (ተረኝነት) ስንደለድል ግን ማንን ከማን ጋር ማጣመር እንዳለብን በልባችን እናውቃለን። ነርሶቹም ከአንዳንዶቹ ጋር ላለመግባት ይለምኑናል። እውነቱን የሚናገር ምዘና እንዴት ይሠራል?
የጥራት ክፍል ኃላፊ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እውነቱማ ተጽፏል፤ የተጻፈው የዲዩቲ ድልድሉ ላይ ነው። ድልድሉን ስታወጡ የምትጠይቁት «ይህ ሐኪም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብቻውን ቢሆን ይወጣዋል ወይ?» ብላችሁ ነው። ቅጹ የሚጠይቀው ደግሞ ሰዓት ያከብራል ወይ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ይግባባል ወይ፣ ንብረት ይጠብቃል ወይ ነው። እነዚህ ከማንኛውም ሠራተኛ የሚጠበቁ ናቸው፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ማን እንደሚያተርፈው ግን አይነግሩም። ስለዚህ የድልድሉን ጥያቄ ወደ ቅጹ አምጡት።

ለዚህ የሚሆን መለኪያ አለ። ሆላንዳዊው የሕክምና ትምህርት ተመራማሪ ኦሌ ቴን ካቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባቀረቡት ሐሳብ፣ መዛኙ የሚወስነው ሐኪሙ ለአንድ ለተወሰነ ሥራ ምን ያህል ክትትል እንደሚያስፈልገው ነው። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው። በ1ኛው ሐኪሙ ቆሞ ያያል፣ አይነካም። በ2ኛው ይሠራል፤ ሲኒየሩ (በልምድ የሚበልጠው ሐኪም) ግን አጠገቡ ይቆማል። በ3ኛው ብቻውን ይሠራል፤ ሲጠራ በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ ሰው ግቢው ውስጥ መኖር አለበት። በ4ኛው ማንም ሳይኖር ይሠራል፤ ሥራው በማግስቱ ሞርኒንግ (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ላይ ይታያል። በ5ኛው ሌሎችን ያስተምራል፣ ይቆጣጠራል። ደረጃው የሚሰጠው በየሥራው ነው። አንድ ሐኪም ለከባድ ወባ 4ኛ፣ ለቸስት ቲዩብ (ደረት ውስጥ የተጠራቀመ አየር ወይም ደም የሚያወጣ ቱቦ ማስገባት) 2ኛ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሌሊት ላይ ማን መጠራት እንዳለበት የሚናገር መረጃ ነው። ሁለቱን አማክሎ «3» ብሎ መጻፍ ግን ውሸት ነው፤ ሕመምተኛ ይገድላል።

የምትመዝኑባቸውን ሥራዎች ከ10 አታስበልጡ። ከሌላ አገር ዝርዝር ከመቅዳት የራሳችሁን የድንገተኛ ክፍል መዝገብ የሦስት ወር ገጽ ገልጣችሁ ምረጡ። ድሬዳዋ ላይ ከደንገጎ ቁልቁለት የሚመጣ የመኪና አደጋ፣ ራሱን የሳተ ሰው፣ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን፣ ከባድ ወባ፣ ዴንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ ትኩሳት)፣ የፀረ ተባይ መርዝ የጠጣ፣ የደረት ሕመም፣ አስም፣ ኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ) እንደማይቀሩ የታወቀ ነው። ዴንጊ በአገራችን በወረርሽኝ መልክ መጀመሪያ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2013 እዚሁ ድሬዳዋ ነውና፣ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ወባ ብሎ አስፒሪን ወይም ዳይክሎፌናክ የሚያዝ ሐኪም እዚህ ከተማ ውስጥ ከፍ ያለ ደረጃ ሊያገኝ አይገባም። ሁለቱም መድኃኒቶች ዴንጊ ላይ መድማትን ያባብሳሉ።

ምልከታውን በተመለከተ፣ መዛኙ ሐኪሙ አንድ ሕመምተኛ ሲያይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆሞ ያያል፣ ያየውን ይጽፋል፣ ከዚያም 5 ደቂቃ ወስዶ ሐኪሙን ለብቻው ያነጋግረዋል። አሠራሩ ሚኒ ሲኢኤክስ ይባላል፤ በአሜሪካ የውስጥ ደዌ ቦርድ እነ ጆን ኖርሲኒ እ.ኤ.አ. በ1995 ጽፈውበታል። ዋናው ነገር ግን የሚጻፈው ነው። ራሱን የሳተ የ50 ዓመት ሰው በባጃጅ ደረሰ እንበል። «ጎበዝ ነው፣ ተረጋግቶ ይሠራል» የሚል ወረቀት ምንም አይነግርም። የሚከተለው ግን ይነግራል።

«1ኛ ደቂቃ፦ አፉን ከፍቶ አየ፤ ትውከቱን በሳክሽን አወጣ፤ በጎን አስተኛው። 2ኛ ደቂቃ፦ ትንፋሹን ራሱ ቆጠረ፣ 28፤ ኦክስጅን አስደረገ። 4ኛ ደቂቃ፦ ግሉኮሜትር (የደም ስኳር መለኪያ) ጠየቀ፣ 34 (በጣም ዝቅተኛ)፤ 40 በመቶ ግሉኮስ 60 ሚ.ሊ. በደም ሥር ቀስ ተብሎ እንዲሰጥ አዘዘ። ልብሱን አላስወለቀም፤ ጀርባውን አላየም። ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ያመጣውን ወንድሙን የጠየቀው በ15ኛው ደቂቃ ነው።»

የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ደረጃውን የሚወስኑት ግን እነሱ ናቸው። ሰውዬው ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር በሽታ ክኒን የሚወስድ ከሆነ ስኳሩ ከተስተካከለ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። ይህን ሳይጠይቅ «ነቃ» ብሎ የሚሸኝ ሐኪም፣ እጁ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ ለዚህ ሥራ ከ3ኛ በላይ አይደርስም። በተቃራኒው ደግሞ የግሉኮሜትር ስትሪፕ አልቆ ሳለ ደም ወደ ላቦራቶሪ ልኮ 40 ደቂቃ የሚጠብቅ ታገኛላችሁ። መለካት ካልተቻለ ራሱን ለሳተ ሰው ግሉኮስ መስጠት እንጂ መጠበቅ አይደለም የሚገባው። እዚህ ላይ የስትሪፑ ማለቅ የሆስፒታሉ ጥፋት ነው፤ መጠበቁ የሐኪሙ። ሁለቱንም ለየብቻ ጻፏቸው።

አንድ ምልከታ ብቻውን ምንም አይናገርም። አስምን አሳምሮ ያከመ ሐኪም ጭንቅላቱ የተመታውንም እንዲሁ ያክማል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ችሎታ ከበሽታ በሽታ ይለያያል። ለአንድ ሐኪም በስድስት ወር ቢያንስ 8 ምልከታ፣ ቢያንስ በ4 የተለያዩ መዛኞች፣ ከመካከላቸው ሲሶው በሌሊት ይሁን። ለ11 ሐኪም 88 ምልከታ ይሆናል፤ በሳምንት ከ3 እስከ 4 ማለት ነው። እያንዳንዱ 25 ደቂቃ ቢወስድ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጊዜ የለንም የሚል ሆስፒታል ይህን ሒሳብ ይሥራ።

መዛኝ ከየት ይምጣ? የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት ካላችሁ ጥሩ። ከሌለ ሕፃኑን የሕፃናት ሐኪም፣ የመተንፈሻ ቱቦውን አኔስቴቲስት፣ ቸስት ቲዩቡን ሰርጂን፣ ኤክላምፕሲያውን የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ይመልከት። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሁለት ሁለት መዛኞች አንድን ሕመምተኛ አብረው ይዩ፤ ሳይነጋገሩ ደረጃ ይስጡ፤ ከዚያ ወረቀቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በሁለት ደረጃ ከተለያዩ አንዱ የሚያየውን ሌላው አያይም ማለት ነውና እስኪግባቡ ይነጋገሩበት። ይህን የዘለለ ሆስፒታል የሚያገኘው የመዛኙን ጠባይ ነው፤ ለስላሳው ለሁሉም 4፣ ቆፍጣናው ለሁሉም 2 ይሰጣል።

ምዘናውን ከሚያበላሹት ነገሮች የከፋው ወረቀቱን በወሩ መጨረሻ ቁጭ ብሎ በትዝታ መሙላት ነው። የተግባቢ ሰው ነጥብ ከፍ የሚለው፣ ዝምተኛው የሚበደለው ያኔ ነው። ወረቀቱ ሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ካልተጻፈ ይቀደድ። ውጤቱንም ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከደረጃ ዕድገትና ከጥቅማ ጥቅም ጋር አታያይዙት፤ ካያያዛችሁት በሁለተኛው ዙር ሁሉም ተመልሰው ከ90 በላይ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ሐረር በድንገተኛ ክፍል 3 ዓመት ሠርቻለሁ። ባልደረባዬ 9 ዓመት አገልግሏል። ደረጃችን የሚወሰነው በአገልግሎት ዘመን ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ከበላዬ ነው፤ ብዙ ከባድ ሕመምተኛ የምይዘው ግን እኔ ነኝ። ልምድ በዓመት መለካቱ ትክክል ነው?
ጠቅላላ ሐኪም፣ ሐረር

መልስ፦ ዓመት ብቻውን ደካማ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አናልስ ኦፍ ኢንተርናል ሜዲሲን ላይ የወጣ ቅኝት በአገልግሎት ዘመንና በሕክምና ጥራት መካከል ያለውን ግንኙነት የፈተሹ 62 ግምገማዎችን መርምሮ፣ በ32ቱ ላይ ዓመታት በጨመሩ ቁጥር በተለኩት ነገሮች ሁሉ ጥራቱ እንደሚወርድ አግኝቷል። ምክንያቱ ለመገመት አይከብድም፤ መመሪያ ይለወጣል፣ የተማሩት ይረሳል፣ አንጋፋውን የሚያርም ሰው ይጠፋል። የልብና ሳንባ ማነቃቂያ ችሎታ እንኳ ሥልጠና ከወሰዱ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መዳከም ይጀምራል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴ.ሜ. ጥልቀት መጫን እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ሁሉ እጁ ያንን ይሠራል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ልምድዎን ቆጥረው ያቅርቡ። ሎግ ቡክ (የሠሩትን የሚመዘግቡበት ደብተር) ይክፈቱ፤ ስልክ ላይ ቢሆንም ይሆናል፣ የሕመምተኛ ስም ግን አይጻፍበት። ለእያንዳንዱ ሥራ ቀኑን፣ የሕመምተኛውን ዕድሜ፣ ለምን እንደተሠራ፣ በስንተኛው ሙከራ እንደተሳካ፣ የደረሰ ጉዳት ካለ፣ አጠገብዎ ማን እንደነበረ፣ ሕመምተኛው ከ24 ሰዓት በኋላ እንዴት እንደሆነ ይመዝግቡ። ብዙ ሰው የሚተወው የመጨረሻውን ነው። ወደ ዋርድ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል የላኩት ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ዘጠኝ ዓመት መሥራት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ስህተቱም ልክ የሠሩትም እኩል ይደጋገማሉ።

ስንት ሲሆን ይበቃል ለሚለው አንድ ማነጻጸሪያ እነሆ። በአሜሪካ የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ሠልጥኖ ለመውጣት ቢያንስ 35 ኢንቲዩቤሽን (የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮ ማስገባት)፣ 10 ቸስት ቲዩብ፣ 20 ሴንትራል ላይን (በትልቅ ደም ሥር የሚገባ ቱቦ)፣ 15 የወገብ ፈሳሽ መውሰድ፣ 10 የወለቀ መገጣጠሚያ መመለስ፣ 45 ትልቅ ሰው በሕመም እንዲሁም 35 በአደጋ ምክንያት ነፍሱን ለማትረፍ የተደረገ ርብርብ፣ 150 አልትራሳውንድ እንዲያስመዘግብ ይጠየቃል። ይህ የስፔሻሊስት ወለል ነው፤ ሐረር ላለ ጠቅላላ ሐኪም እንዳለ መጫን አይገባም። ቁጥሩን ማሟላት መቻልንም አያረጋግጥም። ኢንቲዩቤሽን የሚማሩ ሰዎችን የተከታተሉ ጥናቶች ከ10 ሙከራ በ9ኙ ለመሳካት 50 ገደማ ልምምድ እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል፤ 35ቱ ላይ ያቆመ ሰው ገና መንገድ ላይ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ የመጨረሻው የተሠራበት ቀን ይጻፍ። ከሁለት ዓመት በፊት 20 ቸስት ቲዩብ ያስገባና ከዚያ ወዲህ ያልነካ ሐኪም፣ የሚቀጥለውን ሲኒየር አጠገቡ ቆሞ ያስገባ።

ባልደረባዎን ግን አይናቁ። ዘጠኝ ዓመት የድንገተኛ ክፍል በር ላይ የቆመ ሰው ገና ከሩቅ ሲያይ «ይህ ሰው ይከፋል» የሚልበት ዓይን አለው። ማንን መላክ እንዳለበት፣ የትኛው ደም ባንክ ሌሊት እንደሚመልስ፣ ሕመምተኛውን ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ መላክ ከመቆየት የሚብስበት ጊዜ መቼ እንደሆነ ያውቃል። ይህም በምልከታ ይመዘናል፤ «መቼ ጠራ? መቼ ላከ? ከመላኩ በፊት ምን አዘጋጀ?» የሚሉት ጥያቄዎች ቅጹ ላይ ይግቡ። ለኃላፊዎ ሲያመለክቱም «ከእሱ እበልጣለሁ» ብለው አይጀምሩ፤ የስድስት ወር ሎግ ቡክዎን ይዘው ገብተው ሁለታችሁም በአንድ ቅጽ እንድትታዩ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በድንገተኛ ክፍል 10 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሐኪሞችን እኛም እንድንመዝን ሐሳብ ቀርቧል። ሐኪሞቹ ቅር ተሰኝተዋል፤ እኛም ቂም እንፈራለን። ነርስ ሐኪም መመዘን አለባት?
ሲስተር፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ አዎ፣ ግን የምታይውን ብቻ። ምርመራው ትክክል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ለአንቺ መቅረብ የለበትም። አንቺ ከማንም በላይ የምታውቂው ሌላ ነው፦ ሲጠራ ይመጣል? ትእዛዙ መጠኑና መንገዱ ተለይቶ ይነገራል ወይስ «ትራማዶል ስጪው» ተብሎ ይታለፋል? የቃል ትእዛዝን ደግመሽ ስታነቢለት ይሰማል? «ዶክተር፣ ግፊቱ 70 ሆኗል» ስትይው ቀና ብሎ ያያል? ትሪያጅ (ሕመምተኞችን እንደ ሕመማቸው ጽናት በቀለም መለየት) ላይ የሰጠሽውን ቀለም ያከብራል?

የመጨረሻው ቀላል አይደለም። በደቡብ አፍሪካው የትሪያጅ መለኪያ ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ብርቱካናማው ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ የሚያውቀው ትሪያጅ ላይ ያለች ነርስ ናት። ይህ በሰዓት የሚለካ ስለሆነ ከመዝገብ ይወሰድ፤ ከአስተያየት ይሻላል።

ስለ ቂሙ፦ ቅጹ ስም አይኑረው፤ ለአንድ ሐኪም ቢያንስ 8 ሰው ካልሞላ ውጤቱ አይገለጥ፤ ለሐኪሙ የሚነገረው ድምሩ ብቻ ይሁን። አምስት ነርሶች ባሉበት ክፍል የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፤ ስለዚህ ከነርሶች ጋር የላቦራቶሪ፣ የፋርማሲና የካርድ ክፍል ሠራተኞችም ይካተቱ። የጽሑፍ አስተያየቱን ኃላፊው በራሱ አነጋገር አጠቃሎ ይንገር እንጂ ወረቀቱን አያሳይ።

ጥያቄ፦ እናቴን ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ወደ ሆስፒታል ይዘን ገባን። ያየን በጣም ልጅ እግር ሐኪም ነበር፤ በኋላ ኢንተርን ነው አሉን። ዋና ሐኪም ይየን ማለት ነውር ነው? ጥሩ ሐኪም መሆኑንስ እኛ በምን እናውቃለን?
አስታማሚ፣ ሐረር

መልስ፦ እናትዎን ይማርልን። ነውር የለውም፤ አነጋገሩን ማሳመር ብቻ ነው። ኢንተርን የሕክምና ትምህርቱ የመጨረሻ ዓመት ላይ ያለ፣ በሌሎች ሐኪሞች ክትትል ሥር የሚሠራ ነው። እንደ ሐረሩ ሕይወት ፋና ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች መጀመሪያ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ እሱን ነው። ከእሱ በላይ ፈቃድ ያለው ጠቅላላ ሐኪም፣ ከዚያ ስፔሻሊቲ የሚማር ሬዚደንት፣ ከዚያ ስፔሻሊስት አሉ። የድንገተኛ ሕክምና ራሱን ችሎ በስፔሻሊቲ ደረጃ በአገራችን መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ነው፤ ሥልጠናው ሦስት ዓመት ይፈጃል። ሙያው ገና ወጣት ስለሆነ በየሌሊቱ ስፔሻሊስት ባያገኙ አይደንግጡ።

«ዶክተር፣ ተረኛው ሲኒየር ማን ናቸው? የእናቴን ነገር ሰምተዋል?» ብለው ይጠይቁ። ኢንተርኑ «አዎ፣ ደውዬላቸዋለሁ» ካለ ሥራውን ያውቃል። በዚህ ደረጃ ላይ ላለ ሐኪም ቶሎ መጥራት ትልቁ ነጥብ ነው፤ የማይጠራው ነው የሚያስፈራው።

ዕድሜውን፣ መነጽሩን፣ ግሉኮስ ቶሎ ማንጠልጠሉን መለኪያ አያድርጉት። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ያለ ምክንያት የሚንጠለጠል ፈሳሽ፣ በተለይ ልቡ የደከመ ከሆነ፣ ይጎዳል። የሚታየው ሌላ ነው። ጡት ስር ድረስ ገልጦ ትንፋሿን ቆጠረ? ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አደረገ? ምን መድኃኒት እንደምትወስድ፣ ምን እንደማይስማማት ጠየቀ? ደረቷ ቢያማት ኖሮ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኤሲጂ (የልብ ምርመራ) ይነሳላት ነበር? መድኃኒት ከሰጠ በኋላ ተመልሶ መጥቶ አያት?

ለመዛኞችም አንድ ነገር በዚሁ እናክል። ሐረርና ድሬዳዋ ላይ አስታማሚና ሐኪም ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪና አማርኛ መካከል መተላለፋቸው የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ስለዚህ በአስተርጓሚ ታሪክ መቀበል ራሱን የቻለ ችሎታ ሆኖ መመዘን አለበት። ጥሩው ሐኪም ለአስተርጓሚው ሳይሆን ለሕመምተኛዋ እያየ ይናገራል፤ አጭር አጭር ይጠይቃል፤ ረጅም መልስ በሁለት ቃል ሲተረጎምለት «ሌላስ ምን አለች?» ይላል። የደም መፍሰስን ወይም እርግዝናን በሴትዮዋ ልጅ አፍ የሚያስጠይቅ ሐኪም ደግሞ እውነተኛ መልስ አያገኝም፤ ልጁንም ይጎዳዋል። ሴት ነርስ ትጠራ።

ጥያቄ፦ የማስመሰያ አሻንጉሊት የለንም። የእጅ ሥራን ሕመምተኛ ላይ ሳይደርስ መመዘን የምንችልበት መንገድ አለ?
የሥልጠና አስተባባሪ፣ ሐረር

መልስ፦ አለ፤ ሥጋ ቤት ነው ያለው። የውጭ መጻሕፍት ለዚህ የአሳማ አካል ይላሉ፤ በግና ፍየል በደንብ ይሠራሉ፣ እዚህም ማንንም አያስቀይሙም።

ለቸስት ቲዩብ አንድ ወገን ሙሉ የበግ ጎድን ግዙ፤ ሥጋው አይገፈፍ። በካርቶን ሳጥን አፍ ላይ በሲባጎ እሰሩት፤ ከሥሩ በከፊል የተነፋ ጓንት አድርጉ፣ ሳንባው እሱ ነው። በላዩ ፎጣ አልብሱና ተመዛኙ የሚቆርጥበትን ቦታ በጣቱ እየዳሰሰ ይፈልግ። የሚታየው እንዲህ ነው፦ የሚገባው ከታችኛው ጎድን በላይኛው ጠርዝ ነው ወይ? ነርቩና የደም ሥሩ ከእያንዳንዱ ጎድን ታችኛው ጠርዝ ሥር ስለሚያልፉ ከላይኛው ጎድን ሥር ተጠግቶ የገባ ይቆርጣቸዋል። ቆዳውን ከቆረጠ በኋላ በአርተሪ ፎርሴፕስ እየከፈተ ገባ ወይስ በስለት? ጣቱን አስገብቶ ዙሪያውን ዳሰሰ? ጓንቱ ከተበሳ ሳንባ ተበሳ ማለት ነው፤ እዚያው ይቁም። የቱቦው ቀዳዳዎች ሁሉ ውስጥ ገብተዋል? ለአደጋ ሕመምተኛ ከ28 እስከ 32 ፍሬንች (የቱቦ ውፍረት መለኪያ) ቱቦ መረጠ? ሰፍቶ ካሰረ በኋላ ክላምፑን (የቱቦውን መዝጊያ መቆንጠጫ) ፈታ? ጠርሙሱን ከደረት በታች አስቀመጠ? የመጨረሻዎቹን ሁለት የሚረሱ ሰዎች ብዛት ያስደነግጣችኋል፤ ቆርጦ ማስገባቱን አሳምረው ሠርተው ክላምፑ እንደተዘጋ ትተውት ይሄዳሉ።

ለጉሮሮ መክፈቻ (አየር ሲዘጋ አንገት ላይ በስለት ለሚከፈተው መተንፈሻ) የፍየል አንገት ያስፈልጋል። ለሥጋ ሻጩ አስቀድማችሁ ማንቁርቱ ከትንፋሽ ቧንቧው ጋር ሳይሰነጠቅ፣ ቆዳውም ሳይገፈፍ እንዲያቆይላችሁ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት ሰንጥቆ ነው የሚጥለው። ተመዛኙ ቆዳው ላይ በጣቱ በማንቁርቱ ፊት ያለውን ስስ ሽፋን ያግኝ፣ በስለት ይክፈት፣ ጣቱን ይክተት፣ ቡጂ (ቀጭን መምሪያ ዘንግ) ያስገባ፣ በቡጂው ላይ 6 ቁጥር ቱቦ ያሻግር። ደም ስለሌለ ከእውነተኛው ይቀላል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር ዓይኑን ጨፍኖ በዳሰሳ ይሥራ። እውነተኛው አንገት በደም ሲሞላ የሚቀረው ዳሰሳ ብቻ ነው።

ጣቢያ ጣቢያ አድርጋችሁ በየ8 ወይም 10 ደቂቃው ደወል እየደወላችሁ ካዟዟራችኋቸው ኦስኪ ይሆናል፤ ሮናልድ ሃርደን በስኮትላንድ ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1975 የጻፉበት ዘዴ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሚገጥማቸው አድልዎ ይቀንሳል። እዚያ የሚታየው ግን ማሳየት መቻልን ነው፤ ሌሊት ማድረግን የሚያሳየው የአልጋ አጠገብ ምልከታ ብቻ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም። ለሥልጠናው የተጠቀማችሁበትን መሣሪያ ለሕመምተኛ ከሚሆነው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ጓንት ይደረግ፤ ሥጋው ተመልሶ ለምግብ አይውል።

ጥያቄ፦ ከሐኪሞቻችን አንዱ በመርዝ ሕክምና 2ኛ ደረጃ ተሰጠው። ሞራሉ ተነክቶ ሥራ ልልቀቅ ይላል። ምን እናድርግ?
የድንገተኛ ክፍል አስተባባሪ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ መጀመሪያ ምኑ ላይ እንደወደቀ ለዩ። ኦርጋኖፎስፌት የተባለውን ፀረ ተባይ የጠጣ ሕመምተኛ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስህተት ይህ ነው፦ አትሮፒን (የዚህ መርዝ ማርከሻ) ጀምሮ የዓይኑ ብሌን ሲሰፋ ያቆማል። የሚጠበቀው ግን የሳንባው መድረቅ ነው። 2 ሚ.ግ. በደም ሥር ሰጥቶ በየ5 ደቂቃው እጥፍ እያደረገ፣ ደረቱ በስቴቶስኮፕ ንጹሕ እስኪሆን፣ የልብ ምቱ ከ80፣ የላይኛው ግፊት ከ80 በላይ እስኪሆን መቀጠል አለበት። ብሌኑን ያየ ሐኪም የጎደለው እውቀት ነው፤ ያ በአንድ ከሰዓት ይማራል። ይህን እያወቀ በየ5 ደቂቃው ያልተመለሰ ከሆነ ችግሩ አሠራር ነው፤ ሰዓት ያለበት የክትትል ወረቀት አልጋው ላይ ስቀሉለት። አትሮፒን ፋርማሲ ውስጥ አልቆ ከሆነ ደግሞ ደረጃው ይሰረዝ፤ የሚታረመው ግምጃ ቤቱ ነው።

ከዚያ ለብቻው አነጋግሩት፤ የታየውን ከነደቂቃው አንብቡለት፤ 4ኛ ያገኘባቸውን ሥራዎችም በዚያው ንገሩት። ዲዩቲ አይከልከል፤ መርዝ ሲመጣ ሲኒየር እንዲጠራ ብቻ ይታዘዝ፣ ለነርሶቹም ያው ይነገር። ለስድስት ሳምንት የመጣውን የመርዝ ሕመምተኛ ሁሉ ከሲኒየሩ ጋር ይይዛል፤ በየሁለት ሳምንቱ ሎግ ቡኩን ይዞ ይቀርባል። የድጋሚ ምልከታውን የመጀመሪያው መዛኝ አያድርገው፤ የፊተኛውን ወረቀትም ሳያነብ ሌላ ሰው ገብቶ ይየው።